ቅላቱ ሲጠፋ ቆዳው ዳነ ማለት አይደለም

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የደረሰ እንግዳ የአገሩን አየር ቀድሞ የሚያውቀው በፊቱ ነው። አንኮበር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ ወደ አፋር ሜዳ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ትገኛለች። ከቆላው የሚነሣው አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ጉም ይሆንና ደጁን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ ጉሙ ሲገለጥ ደግሞ ፀሐይዋ ትለበልባለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ብርድ የገረፈው ፊት ቀትር ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ወደ አልዩ አምባ ገበያ የወረደ ሰው በዚያው ቀን በቆላው ሙቀት ያልበዋል፤ ማታ ቤቱ ተመልሶ ከምድጃው ዳር ጭስ ይሞቃል። ጤነኛ ቆዳ ይህን ሁሉ ይችለዋል። ብጉር የወረረው ቆዳ ግን በዚህ ላይ ሎሚ፣ ጠንካራ ሳሙናና ስሙ የማይታወቅ ክሬም ሲጨመርበት ይቆጣል፤ ይቀላል፤ ይለበልባል።

ብጉር ያለበት ወጣት የሚቸኩለው ቅላቱን ለማጥፋት ነው። ይህ ፍላጎት ተገቢ ነው፤ ፊት በሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ነውና። ችግሩ ቅላትን በሁለትና በሦስት ቀን የሚያጠፋው ነገር ብዙ ጊዜ ቆዳውን የሚጎዳው ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ የተቆጣውን ቆዳ መጀመሪያ ማሳረፍ፣ ብጉሩን ማከም ቀጥሎ ይመጣል። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ በቀላሉ ይድን የነበረ ፊት ለዓመታት ሲበላሽ ይታያል።

ብጉር የቆሻሻ ምልክት አይደለም። በፊት፣ በደረትና በጀርባ ቆዳ ላይ እያንዳንዷ ፀጉር በምትበቅልበት ቀዳዳ አጠገብ የቅባት ዕጢ አለ። በጉርምስና ዕድሜ ሆርሞን ሲጨምር ዕጢው ብዙ ቅባት ያመነጫል። የቀዳዳውን አፍ የሸፈኑት የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት በቅባቱ ተጣብቀው ይደፍኑታል። በማንኛውም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የተባለ ባክቴሪያ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ይራባል፤ ሰውነትም ይህን ለመከላከል ደምና ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ቦታው ይልካል። ቅላቱ፣ ሙቀቱ፣ እብጠቱና ሕመሙ ከዚህ ይመጣል። ዛሬ የታየው ብጉር ከቆዳ ሥር የተጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ማንኛውም የብጉር መድኃኒት ውጤቱን ለማሳየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚፈልገውም ለዚህ ነው። በሳምንት ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብሎ መድኃኒት የሚቀያይር ሰው የትኛውንም ሳይሞክር ቆዳውን ብቻ ያደክማል።

ስለ ቅላት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የነጮችን ቆዳ እያሰበ የተጻፈ ነው። በእኛ አገር ፊቱ ቀይ ወይም የቀይ ዳማ በሆነ ሰው ላይ ቅላቱ እንደ ቅላት ይታያል። በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ግን ያው መቆጣት ወይን ጠጅ፣ ቡናማ ወይም ከሌላው ቆዳ ጠቆር ያለ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው ገና እየነደደ ያለውን ብጉር «ጠባሳ ሆኗል» ብሎ ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ይነሣል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። ንጹሕና ጠርዙ ያልተሸረፈ የሻይ ብርጭቆ ይወስዱና በመስኮት ብርሃን ፊት የብርጭቆውን ጎን በነጠብጣቡ ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑት። በብርጭቆው ውስጥ ሲያዩት ቀለሙ ከለቀቀና ብርጭቆው ሲነሣ ከተመለሰ፣ ያ ቀለም በሰፉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለ ደም ነው። ተጭነውት ቀለሙ ካልተነቃነቀ፣ ቆዳው ከመቆጣቱ የተነሣ ያመረተው ሜላኒን የተባለ የቆዳ ቀለም ነው። በጣም በጠቆረ ቆዳ ላይ ደም ቢሆንም ለውጡ ላይጎላ ስለሚችል፣ የእጅን ጀርባ ፊት ላይ አስጠግቶ ሙቀቱን መለካትና ሲነካ ያምም እንደሆነ ማየት ይረዳል።

ልዩነቱን ማወቁ ይጠቅማል። የደሙ ቅላት ብጉሩ ከበረደ በኋላ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። የሜላኒኑ ጥቁረት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ፀሐይ ደግሞ ያራዝመዋል። ሁለቱም እውነተኛ ጠባሳ አይደሉም። ጠባሳ የሚባለው ቆዳው ሲጎደጉድ ወይም ሲያብጥ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ብጉሩ ጥልቅ ሲሆን ወይም በጥፍር ሲፈርጥ ነው።

የላይኛው ቆዳ እንደ አንኮበር የድንጋይ ቤት ግድግዳ ነው፤ የደረቁት ሕዋሳት ድንጋዩ፣ በመካከላቸው ያለው ስብ ጭቃው ነው። ጭቃው ሲታጠብ ውኃ ከውስጥ ያመልጣል፤ ነፋስ፣ አቧራና ሳሙና ከውጭ ይገባል። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድ ያለበት ሲሆን የአሲድነት ልኬቱ (ፒኤች) 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ግን ወደ 9 እና 10 ይጠጋል። ፊቱን በቀን ደጋግሞ በልብስ ሳሙና የሚታጠብ ወጣት ቅባቱን አስወገድኩ ብሎ ያምናል፤ ፊቱ ለጊዜው ይጠራል፤ ከዚያ ይጨማደዳል፤ ይላጣል፤ የደጋው ደረቅ ብርድ ሲያገኘውም ይሰነጠቃል። ፀረ ጀርም የሚባለው የገላ ሳሙናም ለፊት ከባድ ነው።

ከቤት ውስጥ መላዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሎሚ ነው። ሎሚ ጥቁረት ያስለቅቃል የሚለው ምክር ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። የሎሚ ጭማቂ ከቆዳ አሲድነት እጅግ የበለጠ አሲድ አለው፤ የተቆጣ ቆዳ ላይ ሲደርስ የሚቆጠቁጠው ለዚህ ነው። የከፋው ግን ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ የሚያደርገው ነው። በሎሚው፣ በተለይም በልጣጩ ውስጥ ፉሮኮማሪን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ ቆዳ ላይ ሆነው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲመታቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ውኃ የቋጠረ እብጠት ሊወጣ ይችላል፤ ሲድን ደግሞ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የአንኮበር ብርድ ሰውን ያዘናጋል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋም ደካማ ትመስላለች። በዚህ ላይ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ በሚያዝያና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ቀጥ ትላለች። ጠዋት ሎሚ ተቀብቶ ከብት ይዞ የወጣ ልጅ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሄደች ልጅ ሊያስለቅቁት የፈለጉትን ጥቁረት እጥፍ አድርገው ይመለሳሉ።

ፌጦ በሎሚ ለውሶ መቀባትም ከዚሁ ይቆጠራል። ፌጦ ሲፈጭ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ኃይሉ ቆዳንም ያቃጥላል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳን አቁስሎ ሐኪም ቤት ያደረሰባቸው አጋጣሚዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። የጥርስ ሳሙና ብጉርን ያደርቃል ይባላል፤ የሚያደርቀው ግን በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ ጭምር ነው። በባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎት ፊትን መታጠን ለጉንፋን ደስ ይላል፤ የቀላ ፊት ግን በሙቀት የደም ሥሮቹ ይበልጥ ስለሚሰፉ የባሰ ይቀላል።

ይህን ስል የአገር መድኃኒትን ለማጣጣል አይደለም። አንኮበር በዚህ ረገድ ሀብታም ናት። ኤርሚያስ ሉለካልና የሥራ ባልደረቦቻቸው በአንኮበር ወረዳ ሕዝቡ ለሕመም የሚጠቀምባቸውን ዕፅዋት አጥንተው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ከ100 በላይ ዝርያዎችን መዝግበዋል። ለቆዳ ከሚጠሩት ዕፅዋት ሁሉ የታወቀው ሬት ነው። ሬትን በተመለከተ አንድ ነገር በደንብ መታየት አለበት። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር መጀመሪያ የሚወርደው ቢጫ፣ መራራ ፈሳሽ ነው፤ እርሱ ቆዳን ያስቆጣል። የሚያበርደው መካከል ላይ ያለው ጥርት ያለ የሚያዳልጥ ክፍል ነው። ቅጠሉን ቆርጦ በአፉ ዘቅዝቆ ቢጫው እስኪንጠፈጠፍ ማቆየት፣ ልጣጩን መግፈፍ፣ ጥርት ያለውን በውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያም ፊት ላይ ከማድረግ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ጥናት የተደረገበትም በዓለም ሁሉ የሚተከለው አሎ ቬራ የተባለው ዝርያ እንጂ በየገደሉ የሚበቅለው ሬት ሁሉ አይደለም። አንኮበር የራሷ ሬት እንዳላት ስንቱ ያውቃል? ማይክል ጊልበርትና ሰብስቤ ደምሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቁት አሎ አንኮበሬንሲስ በአካባቢው ገደሎች ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኝ ተክል ነው። እርሱ ለፊት ቅባት ተብሎ ሊቆረጥ አይገባውም፤ ባለበት ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንምጣ። መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለፊት የሚሆን ክሬም» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ወይም ከመዋቢያ ሱቅ ማቅያ ክሬም የገዛ ሰው፣ ሳያውቀው ስቴሮይድ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል፣ ሞሜታሶን የሚሉት ስሞች የዚህ ወገን ናቸው። ስቴሮይድ በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ማሪዮን ሱልዝበርገርና ቪክተር ዊተን ሃይድሮኮርቲዞን ለቆዳ በሽታ እንደሚሠራ በ1952 እ.ኤ.አ. ካሳዩ ወዲህ ለስንት ኤክዜማ በሽተኛ እፎይታ ሆኗል። ለብጉር ግን አይሆንም።

ሐኪሞች የስቴሮይድ ቅባትን ጉልበት የሚለኩበት የታወቀ ዘዴ አለ፤ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ቅባቱን በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ ያደርጉና ቆዳው ምን ያህል እንደነጣ ያያሉ። የሚነጣው መድኃኒቱ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብባቸው ነው። እንግዲህ ብጉር ያለባት ልጅ ይህን ስትቀባ በሦስተኛው ቀን ፊቷ ጠርቶ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ቅላቱ የጠፋው ደሙ ስለታገደ እንጂ የተደፈነው ቀዳዳ ስለተከፈተ አይደለም። ትደሰታለች፤ ለእህቷም ትሰጣለች። ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥሮቹ እንደ ክር ይታያሉ፤ ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ጥቃቅን ብጉሮች በአፍና በአገጭ ዙሪያ ይፈላሉ። ስታቆመው ፊቷ ይነድዳል፤ ያብጣል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትቀባዋለች። ከዚህ አዙሪት መውጣት ይቻላል፤ ግን ወራት ይፈጃል። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በአንድ ቀን ከሚጥለው ይልቅ የቆዳ ሐኪም እያየው ቀስ በቀስ ቢያቆም ሥቃዩ ይቀንሳል።

ማቅያዎቹ ላይ ሌላም መዘዝ አለ። በአንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ፊትን ሰማያዊ ወደ ሆነ ጥቁረት ሊለውጠው ይችላል። በአንዳንድ ማቅያ ሳሙናና ክሬም ውስጥ የሚገኘው ሜርኩሪ ደግሞ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበትን፣ ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ ተገልብጦ የሚሸጥን ክሬም ፊት ላይ ማድረግ አይገባም።

የተቆጣ ፊት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚቀባውን፣ የሚፈገፍገውን፣ የሚታጠነውን ሁሉ መተው ነው መነሻው። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ሐኪም ያዘዘው መድኃኒትና ለወራት የተቀባ ስቴሮይድ ብቻ ነው፤ እነርሱ ሐኪም ሳይጠየቅ አይቆሙም። ጠዋትና ማታ፣ እንዲሁም ካላበ በኋላ፣ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሽታ አልባ ሳሙና በጣት ጫፍ መታጠብ፤ ጠዋት ቅባት የሌለው ፊት ከሆነ ውኃ ብቻ ይበቃል። ማድረቂያው ጨርቅ ይጫን እንጂ አይፈግፍግ። ፊቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ስስ ማለስለሻ መቀባት ያስፈልጋል። ግሊሰሪን በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ ይገኛል፤ ብቻውን ስለሚያጣብቅና ሊቆጠቁጥ ስለሚችል አንድ እጁን በሁለት ወይም በሦስት እጅ ንጹሕ ውኃ ማቅጠን ይሻላል። በውርጭ ወራት በደረቁና በተሰነጠቁት ቦታዎች ላይ በጣም ስስ ቫዝሊን መደረቡ ጉዳት የለውም። ቃጠሎ ሲበረታ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ለ10 ደቂቃ ያህል ፊት ላይ ማሳረፍ የሰፉትን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል። በረዶ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይደረግም።

ፀሐይ መከለል የዚሁ ሕክምና አካል ነው። መከላከያ አቅሙ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለሚችል ሰው ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ለብዙው የሚቀመስ አይደለም። ሰፊ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ ወደ ፊት ጎተት ተደርጎ የተከናነበ ነጠላ ከምንም በላይ ይረዳሉ፤ በተለይ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

ቆዳው ሲረጋጋ ብጉሩን ማከም ይጀመራል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ 2.5 በመቶ የሆነው ከ10 በመቶው ባልተናነሰ ይሠራል፤ ማስቆጣቱ ግን ያንሳል። ስለዚህ ከፍ ያለውን መግዛት ትርፍ የለውም። ጨርቅ እንደሚያነጣ ግን ይታወቅ፤ የነጠላ ጥለትና ባለቀለም የትራስ ልብስ ያበላሻል፤ ነጭ ፎጣ ይመረጥ። አዳፓሊን የሚባለው ጄል የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ይከፍታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊትን ሊያስልጥና ሊያቀላ ስለሚችል፣ ለመላው ፊት የአንዲት አተር ፍሬ ያህል ብቻ፣ ሌሊት፣ በመጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለሉ መጀመር ያዋጣል። ነፍሰ ጡር ወይም ልትፀንስ ያሰበች ሴት አዳፓሊን አትጠቀምም። አዘላይክ አሲድ በአንጻሩ ብጉሩንም የተረፈውን ጥቁረትም ያግዛል፤ በእርግዝናም ይፈቀዳል፤ በሁሉም መድኃኒት ቤት ግን ላይገኝ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን የሚዋጠው ሐኪም ሲያዝ ነው፤ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። በየቤቱ የማይጠፋው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት የተሠራው ለዓይን ነው፤ ብጉር ላይ መለቅለቁ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲላመድ ሊያግዝ ይችላል።

ግንባርና ጆሮ ግንድ ላይ ብቻ ጥቃቅን ብጉር የሚያስቸግረው ሰው ፀጉሩን ይመልከት። በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የቆዳ ሐኪሞች የፀጉር ቅባት በሚጠቀሙ ጥቁር አሜሪካውያን ግንባር ላይ ይህንኑ ዓይነት ብጉር አይተው ጽፈዋል። አናት ላይ የተደረገ ለጋ ቅቤም ሲቀልጥ ወደ ግንባር ይወርዳል። ቅቤ መቀባት መተው አያስፈልግም፤ ከፀጉር መስመር ወደ ኋላ ማድረግ፣ በሻሽ ማሰር፣ ግንባርን ማጠብ ይበቃል። ጉንጭና አገጭ ላይ የሚብስበት ደግሞ የሌሊት ልብሱን ይጠርጥር። በብርድ ሌሊት እስከ አፍንጫ የሚሳበው የመንዝ በግ ጸጉር ባና ሙቀቱ ግሩም ነው፤ ሻካራው ጠርዝ ግን ሌሊቱን ሙሉ የተቆጣውን ጉንጭ ይፈትጋል። ጠርዙን በታጠበ ለስላሳ ነጠላ መሸፈን ቀላል መላ ነው።

ፊት ላይ የወጣ ሁሉ ብጉር አለመሆኑም ይታሰብ። ሌሊት ሌሊት የሚያሳክክና ሌላውንም የቤተሰብ አባል የያዘ እከክ ሊሆን ይችላል። ክብ ሆኖ ጠርዙ የሚላጥ ጭርት ሊሆን ይችላል። በቅንድብና በአፍንጫ ጎን ቅባታም ቅርፊት ያለው ከፎሮፎር ወገን ነው። በትኩስ ቡና፣ በሚጥሚጣ ወይም በአረቄ ጊዜ ጉንጩ የሚግልና የሚቀላ፣ ጥቁር ነጥብ ግን የሌለው ጎልማሳ ሮዜሽያ የሚባል ሕመም ሊኖረው ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

በጥልቀት የሚያብጥ፣ የሚያመረቅዝና ጎድጓዳ ጠባሳ የሚተው ብጉር፣ የወር አበባ መዛባትና የፊት ፀጉር መብዛት አብሮት የመጣ ብጉር፣ ወይም ልጁን ከሰው ያሸሸና ያስከፋ ብጉር በቤት አይያዝም። ዓይን አካባቢ ያበጠና ትኩሳት ያለው ደግሞ ለነገ አይባልም። ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ ከዚያም ካስፈለገ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ተቋቁሞ ዛሬ ሰፊ የቆዳ ሕክምና ወደሚሰጠው አዲስ አበባ ወደሚገኘው አለርት መላክ ይቻላል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ እስካሁን የተቀቡትን ሁሉ፣ ስም የሌለውን ብልቃጥ ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ፊቱን ካየ በኋላ ቀጥሎ የሚጠይቀው ምን እንደተቀባበት ነው።